አስቴር በጉራጊኛ የተረከችው መጽሐፍ

ይህ የደረሰው በዘጠናዎቹ መጀመሪያ፣ ትምህርት ተዘግቶ ክረምቱን ጉንችሬ አጠገብ አክስታችን ቤት ባሳለፍንበት ጊዜ ነው። ብዙ ዓመት ሆኖታል። ሰው ስለ ታናሽ እህቴ ስለ አስቴር ሲጠይቀኝ ግን ቀድሞ ፊቴ ድቅን የሚለው ያ ቀን ነው።

እኔ ተወልጄ ያደግኩት ወልቂጤ ነው። አባቴ እዚያ የእንጨት ሥራ ቤት ነበረው። አስቴር ግን ገና በሕፃንነቷ ገጠር አያታችን ጋ ሄዳ፣ አያታችን እስክታርፍ ድረስ እዚያው አደገች። ወደ እኛ ስትመጣ ትልቅ ልጅ ሆና ነበር። አማርኛ ትችላለች፤ ስትናገረው ግን ጉራጊኛው ይሰማል። በመጀመሪያው ሳምንት ክፍል ውስጥ ተነሥታ ስታነብ ልጆቹ ሳቁባት። ከዚያ ወዲያ አስተማሪ ሲጠይቃት መልሱን እያወቀች አንገቷን ደፍታ ዝም ማለት ጀመረች። ቤት እንግዳ ሲመጣ እንኳ ጓዳ ነበር የምትገባው።

ያን ክረምት ከትምህርት ቤት አንድ ወፍራም ልብ ወለድ ተውሼ ሄድኩ። ከውጭ ቋንቋ የተተረጎመ የቆየ መጽሐፍ ነው። እናታቸው የሞተችባቸው ሦስት እህትማማቾች በአንድ ቤት ይኖራሉ። ትልቋ እህቶቿን ላሳድግ ብላ ሳታገባ ቀርታለች። መካከለኛዋ ቁጡ ናት። ትንሿ በሁለቱ መካከል ስትላላክ ትውላለች።

ያረፍነው የአባቴ ታላቅ እህት አክስቴ ሽቱ ቤት ነው። ሌላዋ አክስታችን ዝናሽ አጥር ለአጥር ጎረቤቷ ናት። ሁለቱ ግን አይነጋገሩም። የሁለቱ እናት፣ አያታችን፣ ስትታመም ዝናሽ ከባሏ ጋር አዲስ አበባ ነበረች፤ አራስ ስለነበረች መጥታ አላስታመመቻትም። ለቅሶ ስትደርስ ሽቱ በሰው ሁሉ ፊት፣ «በሕይወቷ ያላየሻትን አሁን ለማን ብለሽ ነው የምታለቅሽው?» አለቻት። በኋላ ዝናሽ ወደ አገሯ ተመልሳ ጎረቤት ብትሆንም ያ ቃል በመካከላቸው ቆሞ ቀረ። አባቴ ሽማግሌ ይዞ ሄዶ ነበር። ሁለቱም አክብረው ተቀብለው፣ አብልተው፣ «እሱን ነገር ተወው» ብለው ሸኙት።

እንሰት ሲፋቅ የሰፈሩ ሴቶች በየተራ አንዷ ቤት ይሰበሰባሉ። የሽቱ ተራ ሲደርስ ዝናሽም መጣች፤ ከሥራው መቅረት ነውር ነው። መጣችና ከወዲያኛው ጫፍ ተቀመጠች።

እኔም ልፋቅ ብዬ ሞከርኩ። የመፋቂያው ቀርከሃ ከእጄ እየተንሸራተተ ጭማቂው ፊቴን አለበሰው። ሴቶቹ በሳቅ ሞቱ። «አንቺ የከተማ ልጅ፣ ቆጮአችንን አታበላሺብን! ይልቅ ያን መጽሐፍሽን ጮክ ብለሽ አንብቢልን» አለች አክስቴ ሽቱ።

ማንበብ ጀመርኩ። ወጣቶቹ ይከተሉኛል። ትልልቆቹን ግን የመጽሐፍ አማርኛ ከበዳቸው። «ምን አለች? ምን አለች?» ይባባሉ ጀመር። አስቴር የእንሰት ቅጠል እየሰበሰበች ነበር። ቀና እንኳ ሳትል ያነበብኩትን በጉራጊኛ ነገረቻቸው።

«ጎሽ! ቀጥዪ እንጂ» አሏት።

ቀጠለች። እኔ ጥቂት አነብና አቆማለሁ፤ እሷ ታወራለች። መጀመሪያ ድምፅዋ አይሰማም ነበር። እየቆየ ቅጠሉን አስቀመጠችና ቆመች። ትልቋ እህት ስትናገር ድምፅዋን ታወፍራለች፤ ቁጡዋ ስትናገር እጇን ወገቧ ላይ ታደርጋለች። የመጽሐፉን አገር ብርድ ስትነግራቸው፣ «የደጋው የአረቅጥ ብርድ እሱ ፊት ሙቀት ነው» አለች። መጽሐፉ እንዲህ አይልም። ሴቶቹ ግን ነጠላቸውን ሰበሰቡ። እኔ አፌን ከፍቼ አያታለሁ። ይቺ ናት እንግዳ ሲመጣ ጓዳ የምትገባው?

ከዚያ የመጽሐፉ እህትማማቾች ጠብ መጣ። ትልቋ ክፉ ቃል ትናገራለች፤ መካከለኛዋ ቤቱን ጥላ ትሄዳለች። ከዓመታት በኋላ አንድ ቀን በብርድ መጥታ በሩን ታንኳኳለች።

ከፊቴ ያለውን ገጽ በዐይኔ ሮጥ አድርጌ ሳየው ደነገጥኩ። ሁሉም ሴት መሬት መሬት ያያል። ሽቱን ማየት ፈራሁ፤ ዝናሽንም።

«በቃ፣ እዚህ ላይ እናቁም» ብዬ መጽሐፉን ከደንኩት።

አስቴር ትክ ብላ አየችኝ። የአያታችን ለቅሶ ላይ ነበረች፤ የሽቱን ቃል በጆሮዋ ሰምታለች። እኔ የፈራሁትን እሷ ከእኔ ይልቅ ታውቀዋለች።

«አንብቢ» አለችኝ።

አነበብኩ። ትልቋ እህት ማን እንዳንኳኳ ታውቃለች። ከበሩ ኋላ ቆማ እጇን መወርወሪያው ላይ ታደርጋለች፤ ግን አትከፍትም። ሲነጋ ስትከፍት ደጁ ላይ ማንም የለም።

አስቴር አንዲት ቃል ሳትዘል፣ ሳታለዝብም ተናገረችው።

ሽቱ የያዘችውን ቀርከሃ ወረወረችው። «ይቺ ሴትዮ ምን ዓይነት ድንጋይ ናት! የእናቷ ልጅ ብርድ ላይ ቆማ!»

ከወዲያኛው ጫፍ ዝናሽ ብድግ አለች። «ያችኛዋስ? አንዴ አንኳኩቶ መሄድ ምንድን ነው? ስሟን ጠርታ አትጮኽም?»

«ብትጮኽማ ትከፍትላት ነበር!» አለች ሽቱ።

«አትከፍትም! ያን ቃል ከተናገረች በኋላ አፍራ እኮ ነው ከበሩ ኋላ የቆመችው!»

ሽቱ ዝግ ብላ፣ «አዎ፣ አፍራ ነው» አለች።

እርስ በርሳቸው እየተነጋገሩ መሆናቸውን ያወቁት ያኔ ይመስለኛል። ዝናሽ ዕንባዋ መጣ። እጆቿ በእንሰት ተለውሰው ስለነበር በክንዷ ጠረገችው። ሽቱ ተነሥታ አጠገቧ ሄደች። «ዝናቡ ሊጥል ነው፤ ቤት ግቢ። ሳትበይ አትሄጂም» አለቻት። ሌላ ቃል አልጨመረችም። ምግብ ቀርቦ ስትጸልይ ግን መሃል ላይ ድምፅዋ ተቆረጠ፤ «አሜን» ብላ የጨረሰችው ዝናሽ ናት።

በማግሥቱ ዝናሽ ከሁሉ ቀድማ መጣች። «አስቴር ተነሥታለች? ቀጥሎ ምን ሆኑ?» አለች፤ ገና ደጅ ሳለች።

ወልቂጤ ተመልሰን ለአባቴ ነገርኩት። ሰምቶ ሲጨርስ ወደ ሥራ ቤቱ ሄደ፤ ለደንበኛው ሁሉ፣ «እኔ ሽማግሌ ሰብስቤ ያቃተኝን ልጄ በአፏ ጨረሰችው» ሲል እስከ ማታ ይሰማ ነበር። አስቴር ጓዳ ሆና ፊቷን ሸፍና ትስቃለች።

ትምህርት ሲከፈት ክፍል ውስጥ እጇን አውጥታ ልታነብ ተነሣች። አንድ ልጅ ሳቀ። ስቆ እስኪጨርስ ቆማ ጠበቀችውና ካቆመችበት ቀጠለች። አነጋገሯን አልቀየረችም፤ ዛሬም አልቀየረችም። አሁን ቡታጅራ መምህርት ናት፤ በእሷ ክፍል ልጅ ሲያነብ የሚስቅበት የለም ይባላል።

አክስቶቼ ዘንድ ስሄድ ሴቶቹ ያን ታሪክ እስካሁን ያነሡታል። ማን እንደጻፈው አያውቁም፤ ጠይቀውም አያውቁም። «የአስቴር ታሪክ» ነው የሚሉት። እኔ ሽፋኑ ላይ የነበረውን ስም አውቀዋለሁ። ግን አላርማቸውም፤ ደረቴን ነፍቼ አዳምጣቸዋለሁ።