መምህር ጎዳና እጅ ያወጣበት ስብሰባ

ነገሌ ቦረና ላይ ኬሚስትሪ ተምሬአለሁ የሚል ሰው ካጋጠማችሁ፣ የመምህር ጎዳና ተማሪ የመሆኑ ነገር አይቀርም። ጎዳና የከተማው ልጅ ነው። በ1993 ዓ.ም. ከኮሌጅ ሲመለስ የተመደበበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ የሚባል ሰፊ ክፍል ነበረው፤ ውስጡ ግን ከሲሚንቶ ጠረጴዛ በቀር ምንም አልነበረም። ጎዳና ከጤና ጣቢያ ባዶ ብልቃጥ ለመነ፣ ከጋራዥ የባትሪ አሲድ አመጣ፣ ውሃ በጀሪካን አስቀዳ። አንድ የተራድኦ ድርጅት ዕቃ በላከ ጊዜ አሥራ ሁለት ቡሬት ደረሰው። ቡሬት ማለት ፈሳሽ በጠብታ እየለኩ የሚያንጠባጥቡበት ቀጭን ረጅም የመስታወት ቱቦ ነው። ከዓመታት በኋላ ሦስት ብቻ ቀሩ። ኬሚካሉም አለቀ። በየመስከረሙ የዕቃ ዝርዝር ጽፎ ያስገባል፣ በየመስከረሙ «ለከርሞ» ይባላል።

በ2013 የትምህርት ቤቱ እግር ኳስ ቡድን የዞኑን ዋንጫ በላ። በረኛው የጎዳና የመጀመሪያ ልጅ ፊራኦል ነበር፤ ሁለት ፍጹም ቅጣት ምት አዳነ። ባጃጁ ሁሉ ጡሩምባውን እየነፋ ከሜዳው እስከ መናኸሪያ ተከተለው፤ ልጁን በትከሻ ተሸክመው ከተማውን አዞሩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጎዳናን መንገድ ላይ የሚያስቆሙት ሰዎች በዙ። ሃያ ዓመት «ቲቸር» ሲባል የኖረ ሰው «የፊራኦል አባት» ተባለ። ደስ ይለው ነበር። ደስ እንደሚለው ለማንም አልተናገረም እንጂ ሻይ ቤት ለመግባት ሲል ረጅሙን መንገድ መምረጥ ጀምሮ ነበር።

በመስከረም 2014 የወላጅና የመምህራን ኮሚቴው ተሰበሰበ። ዝናብ ከጠፋ ሁለት ወቅት አልፏል፤ ከብት መሞት ጀምሯል፤ እንዲያም ሆኖ ወላጅ ያቅሙን አዋጥቶ ነበር። ርዕሰ መምህሩ ተውፊቅ ሁለት ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አኖረ። አንዱ የጎዳና ዝርዝር ነው፤ ኬሚካል፣ ማይክሮስኮፕ፣ ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል አጋዥ መጻሕፍት። ሌላው የቡድኑ ነው፤ ማሊያ፣ ታኬታ፣ ለክልሉ ውድድር የአዳማ ጉዞ፣ የካምፕ ምግብ።

«ብሩ ለሁለቱ አይበቃም» አለ ተውፊቅ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሻኪሶ ሲያድግ እሱም ኳስ ይጫወት ነበር። «ከብቱ እያለቀ ነው። ይህ ሕዝብ የሚደሰትበት አንድ ነገር ይፈልጋል።»

ባለ ሱቁ ዓብዱሰላም፣ የጎዳና የልጅነት ጓደኛ፣ ቀድሞ እጁን አወጣ። «ለቡድኑ። የጎደለውን ማሊያ እኔ እሞላለሁ።»

ኮሚቴው ሰባት ሰው ነው። ሦስቱ ለቡድኑ፣ ሦስቱ ለቤተ ሙከራው እጃቸውን አወጡ። የመምህራኑ ተወካይ ጎዳና ቀረ።

«መምህር፣ ያንተ ነው የቀረው» አለ ተውፊቅ።

ጎዳና በእጁ የጻፈውን ዝርዝር አየ። ከዚያ ለቡድኑ እጁን አወጣ። ዓብዱሰላም ጀርባውን መታ መታ አደረገው።

ቤት ሲገባ ሚስቱ አሸቱ ውጤቱን ጠየቀችው፤ ነገራት።

«ለቡድኑ ነው ወይስ ለፊራኦል?» አለችው።

«ኬሚካሉ አንድ ዓመት ቢቆይ ምን ይሆናል?» አለና ጫማውን መፍታት ጀመረ።

ጥር ላይ ቡድኑን እንዲያጠናክሩ ከአሬሮና ከአካባቢው የተመረጡ ተጫዋቾች መጡ። ማደሪያ ጠፋ። ሰፊና ቁልፍ ያለው ክፍል ቤተ ሙከራው ብቻ ነበርና ተውፊቅ አስለቀቀው። ጎዳና ሦስቱን ቡሬቶች በጋዜጣ ጠቅልሎ ካርቶን ውስጥ ከተተና ራሱ ተሸክሞ ዕቃ ግምጃ ቤት አስገባቸው፤ ኬሚካል ከሌለ የሚያወጣቸው ምክንያት አልታየውም። በቦታቸው ፍራሽ ተነጠፈ፤ የሲሚንቶው ጠረጴዛ ላይ ካልሲ ተሰጣ።

የዚያ ዓመት አሥራ ሁለተኛ ክፍል ውስጥ የዓብዱሰላም ልጅ ፈርሃና ነበረች። ጎዳና በማስተማር ዘመኑ ካያቸው ሁሉ የምትበልጥ ልጅ ነች። እሱ ቡሬቱን ሰሌዳው ላይ በጠመኔ ሲስል እሷ ደብተሯ ላይ በማስመሪያ ትስላለች።

«ቲቸር፣ አሲዱ ላይ ሲንጠባጠብ ቀለሙ የሚለወጠው ቀስ እያለ ነው ወይስ ባንዴ?»

«ባንዴ። በአንዲት ጠብታ።»

«ባንዴ» ብላ ጻፈችና ከሥሩ አሰመረችበት። ጎዳና ፊቱን ወደ ሰሌዳው አዙሮ ተማሪዎቹ ገልብጠው ሳይጨርሱ የተጻፈውን አጠፋው።

ሚያዝያ ላይ ቡድኑ አዳማ ወረደ። የመጀመሪያውን ተሸነፉ፣ ሁለተኛውን አቻ ወጡ። በሦስተኛው ጨዋታ ፊራኦል ኳስ ሊይዝ ተወርውሮ ሲወድቅ አንድ አጥቂ ጉልበቱ ላይ አረፈበት። በአውቶቡሱ የኋላ ወንበር አስተኝተው መለሱት። ወጌሻ አሸው፤ እብጠቱ ባሰ። ሐዋሳ ያየው ሐኪም ጅማቱ መበጠሱን፣ አዲስ አበባ ሄዶ ቀዶ ሕክምና ካላደረገ እንደማይድን ነገራቸው፤ ዋጋውንም ገመተላቸው። ጎዳና የዓመት ደመወዙን ሳይነካ ቢያስቀምጥ እንኳ አይደርስበትም። ወደ ተውፊቅ ሄደ።

ተውፊቅ የቡድኑን በጀት አውጥቶ እያንዳንዱን መስመር በጣቱ ተከተለ። «ማሊያ አለ፣ ትራንስፖርት አለ፣ ውሎ አበል አለ። ሕክምና የሚል የለም፣ ጎዳና። እናንተ ናችሁ ያጸደቃችሁት።»

መምህራኑ ቢያዋጡለትም የተሰበሰበው ብር የበቃው ለክራንች ብቻ ነበር።

በጥቅምት 2015 ተፈታኞቹ በአውቶቡስ ተጭነው ቡሌ ሆራ ዩኒቨርሲቲ ገቡ፤ በዚያ ዓመት ፈተናው የሚሰጠው በየዩኒቨርሲቲው ነበር። ፈርሃና በተመለሰች ማግስት ጎዳናን ትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠበቀችው።

«ቲቸር፣ የቡሬት ስዕል መጥቶ ነበር። ስንት ፈሰሰ ይላል። ዜሮው ከላይ ነው እንዴ?»

ጎዳና ቆመ። «ከላይ ነው። ቁጥሩ ወደታች ነው የሚሄደው።»

«እኔ ከታች ነው የቆጠርኩት። እንደ ጀሪካን መሰለኝ።» ከዚያ ቶሎ ብላ «ሌላውን ግን ሠርቻለሁ» አለችው፤ የምታጽናናው እሷ ነበረች። ጎዳና ሰሌዳ ላይ የሳለው ቡሬት መስመር እንጂ ቁጥር እንዳልነበረው ያን ጊዜ ትዝ አለው።

ጥር ላይ ውጤት መጣ። ተውፊቅ መምህራኑን ሰበሰበና ወረቀቱን ሳያነብ ገልብጦ አስቀመጠው። «መቶ አርባ ሦስት ልጅ አስፈትነናል። ግማሹን ያመጣ አንድም የለም።» «እኛ ብቻ አይደለንም። አገር ነው የወደቀው» ሲል ጨመረ። ከሁሉ የበለጠችው ፈርሃና ነበረች፤ ከሰባት መቶው ሦስት መቶ ሠላሳ ስምንት። አሥራ ሁለት ነጥብ ጎደላት።

ግማሽ ላልሞሉት በየዩኒቨርሲቲው የማካካሻ ትምህርት ሊሰጥ ነው ሲባል ጎዳና ወደ ዓብዱሰላም ሱቅ ሄደ።

«አካም፣ ጎዳና» ሲል ዓብዱሰላም ሰላም አለው።

«ናጋ። የመጣሁት ስለ ፈርሃና ነው። ይህ ዕድል እንዳያመልጣት።»

«ሂጂ ብያታለሁ። እናቷም ብላታለች። እስቲ አንተ ንገራት» ብሎ ወደ ውስጥ አመለከተው።

ፈርሃና ከስኳር ጆንያዎቹ አጠገብ ተቀምጣ ሳሙና ትደረድር ነበር። ጎዳና የመጣበትን ሁሉ ተናገረ። አንገቷን ደፍታ እስኪጨርስ ጠበቀችው።

«ቲቸር፣ ከተማ የተማሩት ልጆች ማደሪያ ውስጥ ስለ ፈተናው ሲያወሩ ሰማኋቸው። ዕቃውን ሁሉ በእጃቸው ነክተውት ነው የመጡት። እኔ ያንን ያህል አጥንቼ ዜሮው የት እንዳለ አላውቅም። ሌላ ያላወቅኩት ስንት እንደሆነም አላውቅም። አልሄድም።»

«ጥፋቱ ያንቺ አይደለም።»

«አውቃለሁ» አለች። ይህን ያለችው ያለ ቁጣ ነው፤ ጎዳናን የጎዳውም እሱ ነው።

ሲወጣ ዓብዱሰላም እስከ ደጅ ሸኘው። «ማሊያውን እኔ ገዛሁ፣ እጁን አንተ አወጣህ» አለው ቀስ ብሎ። «አሁን ማናችን ነን የምንመክራት?»

በመስከረም 2016 ኮሚቴው እንደገና ተሰበሰበ። አጀንዳው የሜዳው አጥርና የተመልካች መቀመጫ ነበር። ጎዳና ተነሥቶ ቆመ። በስብሰባ ብዙ የሚናገር ሰው አይደለም።

«ሁለት ዓመት ሆነው። ሦስት ለሦስት በነበርንበት ጊዜ የለየሁት እኔ ነኝ። ለልጄ ብዬ ነው እጄን ያወጣሁት። ልጄ ዛሬ ሜዳ ላይ የለም፤ ተማሪዎቼም ክፍል ውስጥ ያገኙት ነገር አልነበረም። እባካችሁ ዘንድሮ አጥሩ ይቆይ።»

አንድ አዛውንት ወላጅ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «መምህር፣ አይዘኑ። አገሩ በሙሉ የወደቀው በእርስዎ እጅ አይደለም። ልጆቹም ያለ ኳስ ዋሉ ማለት ጫት ቤት ዋሉ ማለት ነው።» ሌሎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ዓብዱሰላም ከጎዳና ጋር አወጣ፤ አምስቱ ለአጥሩ አወጡ። ጎዳና በዚያው ከኮሚቴው መልቀቁን ጽፎ ለተውፊቅ ሰጠው። ተውፊቅ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ።

ፊራኦል አሥራ ሁለተኛን ሳይጨርስ አቋርጦ ነበር። በዚያው ወር ሻኪሶ ወርቅ የሚያጥቡ ልጆች ዘንድ ሊሄድ ተነሣ። ማጠቡ ቁጭ ተብሎ ነው፣ ጉልበቱን አይፈልግም አለ። አሸቱ አለቀሰች፤ ከዚያ ብርድ ልብሱን ጠቅልላ አሰረችለት። ጎዳና ጠዋት መናኸሪያ ሸኘው። ልጁ ክራንቹን ቀድሞ ለረዳቱ አቀበለና በሁለት እጁ የበሩን ብረት ይዞ ራሱን ወደ ላይ ሳበ። ጎዳና ሊደግፈው እጁን ሲዘረጋ «ተወኝ አባ፣ ለምጄዋለሁ» አለው። አውቶቡሱ እስኪሞላ ጠበቀ። ሲሞላም ቆየ፤ እስኪወጣና አስፋልቱን ይዞ እስኪርቅ ድረስ አልተንቀሳቀሰም።

ትምህርት ቤት ሲደርስ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ አልፎታል። በሃያ ሦስት ዓመት ውስጥ ሲያረፍድ የመጀመሪያው ነበር። ልጆቹ ሜዳውን ሊያዩ ወጥተዋል፤ አጥሩ የሚቆምበት ጉድጓድ እየተቆፈረ ነው። ክፍል ውስጥ አራት ሴት ልጆችና አንድ ወንድ ቀርተዋል። ጎዳና ጠመኔ አነሣ፣ ቀኑን ጻፈ፣ ማስተማር ጀመረ።