እግር ያወጣው ክዳን

ቤት የሚሠራ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጨነቀው ስለ ግድግዳው ነው። ግድግዳ ግን ታጋሽ ነው፤ ሲሰነጠቅ ጭቃ ትለጥፍበታለህ፣ ሲዘም ባላ ትደግፍበታለህ። አስቸጋሪው ክዳኑ ነው። ይህን የምለው ክዳን በትከሻዬ ተሸክሜ ስለማውቅ ነው።

ነገሩ የሆነው በጣሊያን ጊዜ፣ ከቡሬ ዛሬ ፍኖተ ሰላም ወደምንለው ከተማ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። መንገድ ስል ያኔ ገና አልነበረም፤ ጣሊያን ችካል እየተከለ ነበር። ከችካሎቹ አንዱ፣ ጫፉ ላይ ቀይ ጨርቅ የታሰረበት፣ ባሏ የሞተባት አክስቴ ደጃፍ ላይ ቆመ። አክስቴ ጥቂት ቀን አየችው። ከዚያ ፍየሏን አሰረችበት።

ትእዛዙ አጭር ነበር። መንገዱ የሚያልፍበት ቤት ሁሉ ይፍረስ፤ እንጨቱ ለማገዶ፣ የክዳኑ ሣር ለበቅሎ መኝታ ቡሬ ምሽግ ይግባ። አክስቴ ለቦታው ግድ አልነበራትም፤ ከጓሮዋ በላይ፣ ዳገቱ ላይ ሌላ መሬት አላት። እዚያ አዳዲስ ቋሚዎች በክብ አስተክላ ጨርሳለች። የጨነቃት ክዳኑ ነው። ጊዜው ግንቦት ነበር። ለቤት የሚሆን ሰንበሌጥ የሚታጨደው ክረምቱ ካለፈ በኋላ ነው፤ ያለፈው ዓመቱን ደግሞ የምሽጉ በቅሎዎች ተኝተውበታል። ክዳኑን ካጣች ክረምቱን ራቁታቸውን በቆሙ እንጨቶች መካከል ተቀምጣ ልታሳልፈው ነው።

መላው ክዳኑን ከነሣሩ ማንሳት ነው። በእኛ አገር የክብ ቤት ክዳን ከቋሚዎቹ ጋር የታሰረበት ሐረግ ይፈታል፤ ከሥሩ ረጃጅም አጣና ይጋደማል፤ ሰው ገብቶ አጣናውን በትከሻው ያነሳል። ከዚያ ቤቱ ይሄዳል። የሚያስፈልገው ሰው ብቻ ነው። ችግሩም እሱ ነበር።

የመንደሩ ወንድ ለሁለት ተከፍሏል። አንዱ ወገን ልቡ ከአርበኛው ጋር ነው፤ አውራው የአክስቴ ታናሽ ወንድም፣ አጎቴ ነው፤ ልጁ ጫካ ገብቷል። ሌላው ወገን ለጣሊያን ያደረ ነው፤ አውራው የመንደራችን ጭቃ ሹም ነው፤ የአክስቴን ቤት እንዲያስፈርስ የታዘዘውም እሱው። ሁለቱ አብረው ከብት ጠብቀው ያደጉ ሰዎች ናቸው። አሁን ቤተ ክርስቲያን እንኳ በየራሳቸው በር ነበር የሚገቡት፤ እግዜር ሁለቱንም በምን ሆዱ እንደሚሰማቸው አላውቅም።

አክስቴ አንዱን ወገን ብቻ ብትጠራ ክዳኑ ንቅንቅ አይልም። ስለዚህ ሁለቱንም ለደቦ ጠራች።

«ከዚያ ባንዳ ጋር አንድ ክዳን ሥር አልገባም!» አለ አጎቴ።

«እሺ ወንድሜ፤ እንግዲያው ብቻህን ተሸከምልኝ» አለችው።

ጭቃ ሹሙ ቤት ስትሄድ እኔን አስከትላ ነበር። ሚስት ካገባሁ ዓመት አልሞላኝም፤ ለክብሯ የሚከተላት ወንድ ሆኜ መሄዴ ነው።

«እሜቴ» አላት ጭቃ ሹሙ፣ «እኔ እኮ ቤትዎን እንዳፈርስ የታዘዝኩ ሰው ነኝ።»

«ይፍረስ የተባለው ከዚያ ቦታ እንዲጠፋ አይደል? ጠፋ ማለት ነው። ጠላው ደርሷል። ደቦ ተጠርቶ የቀረ ሰው ደግሞ የራሱን ደቦ የሚጠራው ከማን ጋር እንደሆነ እርስዎ ያውቃሉ።»

ጢሙን አሻሸና፣ «እመጣለሁ፤ ግን አልመጣሁም» አላት።

ቀን መምረጡ ራሱ ሥራ ነበር። ትእዛዙ ከሚፈጸምበት ዕለት በፊት በዓል ያልሆነ ቀን ስንፈልግ ቅዱሳኑ ሁሉ ተማክረው በዚያ ሳምንት የወረዱብን መሰለን። በመጨረሻ አንድ ባዶ ማክሰኞ ተገኘች።

እዚህ ላይ ቤት ለሚያዛውር ሰው አንድ ምክር አለኝ። ክዳን ከመነሣቱ በፊት የበሩ ወገን ምልክት ይደረግበት። በበሩ በኩል ያለው ሣር ሰው እንዲያሳልፍ አጥሮ ይቆረጣል፤ ያ ወገን በሩ ላይ ካላረፈ መግቢያ የለህም። የአክስቴን ክዳን ግን ፍየሏ ከመታሰሯ በፊት ዙሪያውን ስለጋጠችው የትኛው በማጭድ፣ የትኛው በጥርስ እንዳጠረ አይለይም ነበር። አክስቴ የጣሊያኑን ቀይ ጨርቅ ከችካሉ ፈትታ በበሩ አናት ሣሩ ላይ አሰረችው።

ሰዉ መጣ። አክስቴ አንድ ከዚህ፣ አንድ ከዚያ እያለች እንደ ዶቃ ሰካችን። ጭቃ ሹሙን ከፊቴ፣ አጎቴን ከጭቃ ሹሙ ኋላ፣ ከእኔ ጎን አቆመችው። ክዳን ሥር የገባ ሰው ከፊቱ ካለው ማጅራት በቀር የሚያየው የለም፤ የሚመራ ከውጭ ያስፈልጋል። ሁለቱም አውራዎች መሪ ሊሆኑ ፈልገው ነበር። አክስቴ ሁለቱንም ክዳኑ ሥር አስገብታ ራሷ መራች።

«አንሱ!»

ተነሣ። የጢስ ጥላሸት፣ የአይጥ ኩስና የጠፋ ማንኪያ በራሳችን ላይ ወረደ። ቤቱ ዳገቱን ጀመረ።

«እናንተ እንኳ ለጣሊያን መሸከም ለምዳችኋል» አለ ከኋላ አንዱ የእኛ ወገን፤ «ክብደቱ ወደ እናንተ ይሁን።»

«እናንተ ደግሞ መሮጥ ለምዳችኋል፤ ቀስ በሉ፣ እንዳትጥሉን» አለ አንዱ የእነሱ።

«ማን ነው የሚሮጠው?»

«አፋችሁን ዝጉና ተራመዱ!» አለች አክስቴ ከውጭ። «ክዳኔ ላይ አትፎክሩብኝ! ወደ ቀኝ!»

የማን ቀኝ እንደሆነ ለመስማማት ትንሽ ጊዜ ወሰደ።

እኩል መንገድ ላይ ስንደርስ አክስቴ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «መጡ» አለች።

መንገዱን የሚያሠራው ጣሊያን በበቅሎ፣ አስተርጓሚውና ጥቂት አስካሪዎቹ በእግር፣ ችካል ሊያዩ መጥተዋል። ቆምን። ማውረድ አይቻልም፤ ቋሚ በሌለበት መሬት ላይ ያረፈ ክዳን ወራጁ ይፈለቀቃል፣ ዳግመኛም አይነሣም። እንደተሸከምን ቆምን።

«አንቺ ሴትዮ፣ እዚያ ጋ የነበረው ቤት የት ሄደ ይላል ጌታዬ» አለ አስተርጓሚው።

«ገና አልሄደም፤ እየሄደ ነው።»

«አስቀምጡት ይላል።»

«ካስቀመጥነው ሰዎቹ ከሥር ይቀራሉ በለው። እሱ ያወጣቸዋል?»

ጣሊያኑ ብዙ ተናገረ። አስተርጓሚው አሳጠረው፦ «ጭቃ ሹሙ የት አለ? ይህን ሣር ለምሽጉ እንዲያስገባ ታዟል፤ እሱ ይምጣና ይናገር።»

ከፊቴ ያለው ማጅራት በላብ ተጠመቀ። ቢወጣ፣ እንዲያስገባ የታዘዘውን ክዳን ራሱ ሲያሸሽ ተገኘ ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ክዳኑ እዚያው ይበተናል።

«ቡሬ ሄዷል፣ እናንተው ጋ» አለች አክስቴ ቅንጣት ሳታፍር።

ጣሊያኑ ከበቅሎው ወርዶ ጎንበስ አለና ከክዳኑ ሥር አየ። የሚታየው እግር ብቻ ነው፤ ጭቃ የለበሰ፣ የተሰነጠቀ፣ ሁሉም ባዶ። ከአንድ ጥንድ በቀር። ጭቃ ሹሙ ምሽጉ የሰጠውን ባለ ሚስማር ጫማ ተጫምቶ ነው የመጣው። ለደቦ! ከእኛ ወገን ማንም አልነገረውም፤ አይተን ለመሳቅ ትተንለት ነበር።

«ኮዜ?» አለ ጣሊያኑ፤ ምንድን ነው ማለቱ ይሆናል፤ ወደ ጫማው ጠቆመ።

«አውልቀው» አለ አጎቴ በሹክሹክታ። ለጭቃ ሹሙ ቃል ሲናገር የሰማሁት ከስንት ጊዜ በኋላ ነው።

«እንዴት ብዬ? ጎንበስ ካልኩ አጣናው ይወድቃል።»

«ክሩ ላላ ያለ ነው። ተረከዙን ረግጬልሃለሁ። ውጣ።»

«ቀስ! እግሬን እኮ ነው!»

«እግርህን ብረግጥ ደስ ባለኝ። ውጣ አልኩህ!»

አንዱ ወጣ፤ ቀጥሎ ሌላው። አጎቴ ወደ ውጭ ጮኸ፦ «እታለም፣ ትከሻችን አለቀ፤ ምሪን!»

«ወደፊት!» አለች።

ቤቱ ሄደ። ዞር ብዬ ማየት አልቻልኩም፤ ያየችው አክስቴ ናት። ክዳኑ ካለፈ በኋላ ሣሩ ላይ ጥንድ ጫማ ብቻውን፣ አፍንጫውን ወደ ዳገቱ አድርጎ ቆሞ ቀረ። ጣሊያኑ ጫማውን፣ ከዚያ የሚርቀውን ቤት፣ ከዚያ ፀሐይዋን አየ። ከቡሬ ርቆ፣ ፊታቸው የማይታይ ይህን ያህል ወንዶች ፊት ማምሸት አልወደደም መሰለኝ። ጫማውን ኮርቻው ላይ አንጠልጥሎ ተመለሰ። አስተርጓሚው ሳቁ እንዳያመልጠው አፉን በነጠላው ይዞ ነበር አሉ።

ዝናቡ ጀመረ። ውኃ የጠጣ ሣር እጥፍ ይከብዳል፤ ስለዚህ ሮጥን። ገና ጭቃ ባልተመረጉት ቋሚዎች መካከል ተሽሎክልከን ገብተን ክዳኑን በእጃችን ከፍ አደረግን።

«የክዳኑ የበር ወገን በየት በኩል ነው?» አለ አጎቴ።

አክስቴ ጉያዋን ዳሰሰች። ጣሊያኑን እንዳየች ቀዩን ጨርቅ ከክዳኑ ነቅላ ጉያዋ ከትታው ነበር።

«በዚህ በኩል ነው» አለ ጭቃ ሹሙ።

«በዚያ ነው እንጂ!» አለ አጎቴ።

እጃችን ዝሎ ስለነበር ካለበት አሳረፍነው።

በማግስቱ ስናየው አጭሩ ሣር ያረፈው ከጓዳው በላይ ነው። በበሩ ላይ ያለው ክዳን እስከ ደረት ወርዷል። ጭቃ ሹሙ ጫማውን ሽፍታ እንደዘረፈው ቡሬ ሄዶ ተናግሮ አዲስ ተሰጠው። አጎቴ ይህን ሲሰማ «ሌባ አደረገኝ!» ብሎ ተቆጣ፤ መነጋገራቸውም እዚያ ላይ አበቃ።

እኔ አክስቴን፣ ክዳኑን ትንሽ አንስተን ብናዞረውስ አልኳት። ሣሩን ቆርጬ ባሳጥረው ደግሞ ፍየሏ የጀመረችውን መጨረስ ይሆናል።

«ሁለቱን እንደገና ልጥራ?» አለችኝ። «ተወው። ጎንበስ እያሉ ይግቡ።»

ሁለቱም በየጊዜው፣ አንዱ ሌላው አለመኖሩን አረጋግጦ፣ ጠላዋን ሊቀምሱ ጎንበስ ብለው ይገቡ ነበር። ክዳኑን ክረምቱን ሙሉ ከሥሩ ተቀምጬ ደጋግሜ አይቸዋለሁ፤ ጠብ አላለበትም።