የቡሬው ነጋዴ አልዋሸንም

አባቴ የቅኔ መምህር ነበሩ። ይህን የምለው ልኮራባቸው አይደለም፤ ገላ መታጠቢያ ገንዳ ልንገዛ ወጥተን የደረሰብን ሁሉ ከዚህ ስለሚጀምር ነው። የሌላ ሰው አባት ቢሆኑ ኖሮ ዕቃውን አገላብጠው ዐይተው፣ ጥቂት ተከራክረው፣ ወይ ገዝተው ወይ ትተው ይመለሱ ነበር። የኔ አባት ግን ገበያ ሲወጡ ዕቃ አያዩም። የሚያዳምጡት ነጋዴውን ነው።

ነገሩ የመጣው ከጉልበታቸው ነው። ዕድሜ ልካቸውን ማኅሌት ያቆሟቸው ሁለት ጉልበቶች ስድሳውን ሲሻገሩ አድማ መቱ። መጀመሪያ ደረጃ መውጣት አስቸገራቸው፣ ቀጥሎ ከመደብ መነሣት። በደብራችን ንግሥ ታቦቱ ወጥቶ ወረብ ሲወረብ የቀኙን ወገን የሚመሩት እሳቸው ነበሩ፤ ጸናጽላቸውን ካላነሡ የሚጀምር አልነበረም። ገንዳ ከመፈለጋችን በፊት በነበረው ዓመት ንግሥ ግን ከመሃል አፈግፍገው አንድ የወይራ ግንድ ተደግፈው አየኋቸው። ቤት ስንመለስ ምን እንደሆኑ ጠየቅኋቸው። “ዛፉ ብቻውን ቆሞ አሳዘነኝ” አሉ።

አባቴ “አመመኝ” ማለት አይሆንላቸውም። አንድን ነገር እንዳለ መናገር ለሳቸው ያለ ጥምጣም አደባባይ እንደ መውጣት ነበር። ወጥ ጨው ሲበዛበት እንኳ “ባሕሩ ዛሬ ቀርቦናል” ይላሉ እንጂ ጨው በዛ አይሉም። እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ ወጥ ስሠራ የሚመጣልኝን ቅኔ ስፈታ ነው ያደግሁት።

ያን ጊዜ ፍኖተ ሰላም አስተማሪ ነበርኩ። እናቴ ካረፈች ወዲህ አባቴ ከገጠር መጥተው ከኔ ጋር ይኖሩ ነበር። ጤና ጣቢያ ወሰድኋቸው። ሐኪሙ ጉልበታቸውን ነካ ነካ አደረገና “ኪኒኑ ለጊዜው ነው፤ በየቀኑ እስከ ወገብዎ ሙቅ ውሃ ውስጥ ቢቀመጡ ይሻልዎታል” አላቸው። ፍል ውሃ ከዚያ በፊት ሞክረናል። ውሃው መልካም ነበር፤ ሁለት ሳምንት ተነክረው ጉልበታቸው ተፍታትቶ ነበር። ከዚያ በመልሱ ጉዞ አውቶቡሱ ውሃው የሠራውን ሁሉ ፍኖተ ሰላም ሳንደርስ አፈረሰው። ስለዚህ ፍል ውሃውን ቤታችን እናምጣው አልኩ። አባቴ መስኮቱን እያዩ “ዘንድሮ እንኳ ብቆም” አሉ። ስለ ወረቡ ነበር፤ ይህችስ ፍቺ አላስፈለጋትም። ለንግሡ ሦስት ወር ቀርቶት ነበር፤ ከዚያች ቀን ወዲህ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም።

ገንዳ የሚለው ቃል ራሱ ጣጣ ነበረው። በኛ አገር ገንዳ የከብት መጠጫ ነው። ከተማችን ውስጥ በርሜል እየቀደደ ገንዳና አሸንዳ የሚሠራ አንድ ቆርቆሮ ቀጥቃጭ ነበር፤ ሰው ሁሉ እጁን ያመሰግናል፣ አፉን ያማርራል። መጀመሪያ እሱ ዘንድ ሄድን።

“ገንዳ ፈልገን ነበር” አልኩት።

“ለስንት ከብት?”

አባቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። “ለአንድ አሮጌ በሬ” አሉ።

ቀጥቃጩ መዶሻውን አስቀምጦ ከእግር እስከ ራሳቸው አያቸውና ገባው። “ለርስዎ ነው እንዴ? እንዴት አርገው ሊገቡበት? እግርዎ ምን ያህል ይነሣል? ውሃውንስ ማን ያፈላል፣ ማን ይቀዳል፣ ማን ይደፋል?” እኔ ከዚህ አንዱንም አላሰብኩትም ነበር። “ዝቅ አርጌ እሠራዋለሁ። ብቻ ቁርጡን ልንገርዎ፣ የኔ ሥራ ሁለተኛው ክረምት ላይ ያፈሳል። ያኔ ይላኩልኝ፣ እበይደዋለሁ። አሁን ይቁሙልኝ፣ ልለካዎ” ብሎ ገመድ አወጣ።

አባቴ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። በሳቸው ዘንድ በገመድ የሚለካው ሰው ሳይሆን ሬሳ ነው። “ቆየኝ ልጀ፣ ገና ነኝ” አሉትና ወጡ።

“ምነው አባየ፣ ሰውየው እውነተኛ ነው እኮ” አልኳቸው መንገድ ላይ።

“እውነተኛማ ነው። ንግግሩ ግን ሰም ብቻ ነው፣ ወርቅ የለውም። ያፈሳል እያለ የገዛ ዕቃውን የሚያማ ሰው፣ አንች፣ እንዴት ይታመናል?”

ቀጥሎ የሰማነው ስለ ቡሬ ነው። እዚያ የሕንፃ መሣሪያ የሚሸጥ አንድ ነጋዴ፣ መንገድ ሠሪዎች ካምፓቸውን ሲያነሡ የተረፋቸውን ዕቃ ጠቅልሎ ገዝቷል አሉ። ከዕቃው መሃል ውሃውን ራሱ አሙቆ ራሱ የሚያንፈቀፍቅ የፈረንጅ መታጠቢያ አለ፤ ስሙም ጃኩዚ ነው። በሚኒባስ ሄድን።

ነጋዴው የአባቴን ጥምጣም ሲያይ ከመቀመጫው ተነሥቶ፣ ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ። ግራውን ሳመና ቀኙን ደገመ። አባቴ ሁለቱንም ጊዜ ጥርሳቸውን ነክሰው ሁለቱንም ጊዜ መረቁት። በልጅነቱ ጥቂት ወራት ቅኔ ቤት እንደቆየና ረኀቡን እንዳልቻለው ነገረን። አባቴ የገዙት ያን ጊዜ ነው፤ የቀረው ወግ ነበር።

ዕቃው ከመጋዘኑ ጥግ ተቀምጧል። ክብ፣ ሰማያዊ፣ ቁመቱ እስከ ደረቴ፣ ግድግዳው በቀዳዳ የተሞላ።

“ይሠራል?” አልኩት።

“እኅቴ፣ በነሱ ዘንድ ሲሠራ ነበር።”

“ያፈሳል እንዴ?”

“እኔ ዘንድ ከመጣ ጠብታ ውሃ አልወጣውም።”

አባቴ ጥሩ ቅኔ ሲሰሙ እንደሚያደርጉት ዐይናቸውን ጨፍነው “ይበል” አሉ።

“ሞተሩስ?”

“ይሄ ሞተር አንዴ ከተነሣ፣ የኔታ፣ ሰፈሩ ሁሉ ነው የሚያውቅልዎ።”

“ይበል።”

“ባይስማማንስ?” አልኩ፤ የሚጠየቀውን ጥያቄ በመጠየቄ ዛሬም ደስ ይለኛል።

“ከዚህ ደጅ ወጥቶ የተመለሰ ዕቃ የለም” አለ ነጋዴው፤ ከዚያ ወደ አባቴ ዞሮ ድምፁን ዝቅ አደረገ። “ደግሞም የኔታ፣ እዚህ ውስጥ የገባ ሰው በቀላሉ አይወጣም።”

አባቴ ሳቁ። ከእናቴ ሞት ወዲህ እንደዚያ ሲስቁ አላየሁም ነበር። በመልሱ መንገድ የነጋዴውን ንግግር ቃል በቃል እያነሡ ፈቱልኝ። “በነሱ ዘንድ ሲሠራ ነበር” ማለቱ ምስጋናውን ለሠሩት ሰዎች መተዉ ነው፣ ትሕትና። “የተመለሰ የለም” ማለቱ የገዛ ሁሉ ተደስቷል ነው። “በቀላሉ አይወጣም” ማለቱማ ምቾቱ ነው፤ ማን መውጣት ይፈልጋል? እኔም የመምህር ልጅ ነኝና ወርቁ ሁሉ ቁልጭ ብሎ ታየኝ። በሳቸው ብቻ ልፈርድ አልችልም።

መኪና ተገኝቶ ዕቃው እስኪመጣ ወራቱ አልፎ ለንግሡ ሦስት ሳምንት ቀረው። በኛ በር አልገባ ስላለ የአጥሩን አንድ ጎን አፍርሰን ግቢው መሃል አስቀመጥነው። የመጀመሪያው እንግዳ የቀበሌው ሰው ነበር። ያን ሰሞን በየጓሮው የውሃ ማቆሪያ ጉድጓድ ይቆፈር ነበርና የሱም ሥራ እየዞረ መቁጠር ነው። ጃኩዚውን ሁለት ጊዜ ዞረው፣ እጁን ሰድዶ ጥልቀቱን ሞከረና “ውሃ ማቆር፣ ዘመናዊ” ብሎ መዘገበን። በሪፖርቱ ሞዴል ቤተሰብ ሆንን። አባቴም “የክርስትና ስም አወጡለት” አሉ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሶኬቱን ሰካሁት። ሞተሩ እንደ ጎርናና ሰው አንድ ጊዜ አጉረመረመና የኛ፣ የጎረቤታችን፣ ከአስፋልቱ ወዲያ ያለው ወፍጮ ቤት መብራት ሁሉ ድርግም አለ። እህል ያመጣ ሰው ሁሉ መንገዱ ላይ ወጥቶ ወደኛ ግቢ ማየት ጀመረ። ሰፈሩ ሁሉ አወቀልን። መብራቱ በማግስቱ ሲመለስ ሞተሩ ግን አልተመለሰም፤ ዳግመኛ ድምፁን አልሰማነውም።

ውሃውን በእንጨት እናፈላለን አልን። እኔና ሁለት ጎረቤቶቼ ግማሽ ቀን በድስትና በጀሪካን ተመላለስን። ያን የሚያህል ጉድጓድ ስንሞላ ሦስተኛው ድስት ሲገባ የመጀመሪያው ይበርዳል። እንደምንም እስከ ወገብ ሲደርስ አባቴ ሽርጣቸውን አገልድመው፣ በርጩማ ላይ ቆመው፣ ሁለት ሰው ደግፏቸው ገቡ። ተቀመጡ። ለትንሽ ጊዜ ፊታቸው ሁሉ ተፈታ፤ እኔም ልፋቴን ረሳሁት። ከዚያ ውሃው ቀዘቀዘና ልነሣ አሉ።

አልተነሡም። ግድግዳው ያሟልጫል፣ መያዣ የለውም፣ ጉልበታቸው አልታዘዝ አለ። ሰዎቹ በብብታቸው ይዘው ሲጎትቱ ሽርጣቸው ተፈታ። በመጨረሻ አራት ወንዶች እንደ ማዳበሪያ ጆንያ ተሸክመው አወጧቸው፣ በፈረሰው አጥር በኩል መንገደኛው ሁሉ እያየ። አባቴ የማንንም ፊት አላዩም። እኔ ማድ ቤት ገብቼ በሩን ዘግቼ አለቀስኩ።

በማግስቱ ቡሬ እንሂድ፣ ያን አጭበርባሪ አደባባይ ላይ እናዋርደው አልኩ። አባቴ ከመደቡ ላይ ቀና አሉ።

“ምን ብለን? አልዋሸንም እኮ። አይመለስም አለን፣ አይመለስም። ሰፈሩ ያውቃል አለን፣ አወቀ። የገባ አይወጣም እስኪል ድረስ ነገረን። ሰውየው የተናገረው ሰሙን ነው፤ የሌለ ወርቅ ፍለጋ የሄድኩ እኔ ነኝ። አርባ ዓመት ተማሪ ስማ እያልኩ ስቆጣ የኖርኩ ሰው፣ ልጀ፣ አንድ የቡሬ ሻጭ ሲናገር መስማት አቃተኝ።”

ይህ ያመማቸውን ያህል ጉልበታቸው አላመማቸውም። ቀጥቃጩ ጋ ልሂድ ብላቸው የገንዳን ነገር እንዳላነሣባቸው ነገሩኝ። ቀኑ እስኪደርስ ጠዋት ጠዋት ፎጣ በሙቅ ውሃ እየነከርኩ ጉልበታቸው ላይ አደርግ ነበር። ንግሡን ቤት ይዋሉ ብላቸው ጥምጣማቸውን እንዳጥብ ሰጡኝ።

ያን ዓመት አገራዊው ምርጫ ካለፈ ብዙም አልቆየም። ሰው ቃሉን እየመረጠ ይናገራል፣ የሰማውን ደግሞ ሁለት ጊዜ ያዳምጣል። በንግሡ ቀን ታቦቱ ከመቆሚያው ሲደርስ አባቴ መሃል ገብተው በቀኝ በኩል ቆሙ። የመጀመሪያውን ወረብ ሳያጓድሉ አደረሱ። እኔ ከሴቶቹ በኩል ሆኜ የማየው ካባቸው ሥር የሚንቀጠቀጠውን እግራቸውን ነበር። ሁለተኛው ሊነሣ ሲል ጸናጽላቸውን ዝቅ አደረጉ። ሕዝቡም ጠበቃቸው።

“ጉልበቴ አልቋል” አሉ፣ ሁሉም እንዲሰማ አጥርተው። “ወንበር ስጡኝ።”

በሕይወቴ አባቴ እንደዚያ በግልጽ ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም። አንድም ሰው ግን አልተነቃነቀም። ግራው ወገን ቀኙን አየ። አንድ ሽማግሌ ደብተራ ዐይናቸውን ጨፍነው ራሳቸውን ወዘወዙ። “የመምህርነቱን ወንበር ከለከላችሁኝ ነው የሚሉት፣ ደብሩን ነው” አለ አንዱ ከፊቴ። “ኧረ ወዲያ፣ ጉልበት ያሉት መንግሥትን ነው። ጉልበቱ ካለቀ ወንበሩን ይልቀቅ ነው” አለ ሌላው በሹክሹክታ። የቀበሌው ሰው ምንም እንዳልሰማ ፊቱን ወደ ዛፎቹ አዞረ። ሹክሹክታው ከሰው ወደ ሰው እየሄደ፣ እያንዳንዱ አዲስ ወርቅ እያወጣለት፣ አባቴ መሃል ላይ ቆመው መቋሚያቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ይጠብቁ ነበር።

ከጧፍ ሻጯ ሥር በርጩማውን ነጠቅሁና በወንዶቹ መሃል ሰንጥቄ ገባሁ። ሴት ከዚያ አትገባም፤ አውቀዋለሁ። ከኋላቸው አስቀምጬ ክንዳቸውን ይዤ አስቀመጥኋቸው። “አያችሁ፣ ወንበር ሲሉ በርጩማ አመጣች” አለ አንድ ወጣት መሪጌታ በአድናቆት፣ “ልጅቱም ቅኔ ታውቃለች።”

አባቴ እጄን አልለቀቁም። ጎንበስ ብዬ ምን ይሻሉ አልኳቸው።

“ነገርኋቸው እኮ” አሉኝ።