ሰይፉ ይዟት እንዳይበር

የቡልቡላ መኪና እስኪሞላ ድረስ አንዲት ትከሻ ሰፊ መንገደኛ ሴት ሁሌ ወደ ሱሃይላ ጌም ቤት ገብታ ትጫወታለች። በአዳማ ሙቀት እንኳ ከቱታዋ ላይ የደረበችውን ሻርፕ አታወልቅም፤ ከቁመቷ የሚረዝም ሰይፍ ከያዘችው ተዋጊ ሌላም አትመርጥም።

«ማዘር፣ ይሄ እኮ በፊዚክስ አይሆንም!» አለ የመጫወት ተራውን የሚጠብቀው ካሚል። «ሰይፉ ራሷን ይዟት ይበራል።»

ልጆቹ ሲስቁ ሱሃይላ «ደንበኛዬ ተቀይማ ዳግም አትመጣም» ብላ ደነገጠች።

ሴትየዋ ግን ሻርፗን አወለቀች። ውሃ የሞላ ጄሪካን በሁለት እጇ ይዛ፣ ወደ ኋላ ጋደል ብላ በተረከዟ ዞረች። ጄሪካኑ ከመሬት ተነስቶ ዙሪያዋን በረረ።

«ሰይፉስ ተጋኗል» አለች በቀስታ እያሳረፈችው። «ግን ሲጎትትህ ወደ ኋላ ጋደል ካልክ ይዞህ አይሄድም። መዶሻ ውርወራ ስወዳደርም እንዲሁ ነበር።»

ረዳቱ «ቡልቡላ!» ብሎ ሲጣራ ሻርፗን ክንዷ ላይ ጣል አድርጋ ወጣች። ሱሃይላ የቱታዋን ጀርባ ያን ጊዜ አነበበችው፤ «ኢትዮጵያ» ይላል።