የደስታነሽ ወንበርና የዩክሬን ጉዳይ

ባሕር ማዶ፣ ሬኒየር ቢች በሚባል ሰፈር ውስጥ አውቶቡስ የምትጠብቅበት የግል ወንበር ያላት ደስታነሽ ብቻ ናት። መሃል ከተማ ሆቴል ውስጥ አንሶላ ስታጥብና ስታጥፍ ትውላለች፤ ቀኑን ሙሉ መቆሙ ሳያንስ ጠዋትም ፌርማታ ላይ መገተር ጉልበቷን ፈጀው። ፌርማታው ደግሞ ከአንድ ምሰሶ በቀር ምንም የለውም። አግዳሚ ወንበር ይደረግልን ብላ ለከተማው ማመልከቱ ሲሰለቻት ታጣፊ ወንበር ገዝታ መጣችና ከምሰሶው ጋር በብስክሌት ሰንሰለት ቆለፈችው። ቁልፉን ከማተቧ ጋር አንገቷ ላይ አንጠለጠለችው።

ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ ወንበሩ ላይ ተደላድላ መንግሥትን ትወቅሳለች።

«ዩክሬንን መልሶ ለመገንባት ገንዘብ ሞልቷቸዋል! ለእኛ አንድ አግዳሚ ወንበር ሲባል ግን በጀት የለም። ሶ፣ ታክስ የምከፍለው ለምንድን ነው?»

ሰሚዋ አብረዋት አውቶቡስ የሚጠብቁት ጋሽ ሀብተ ጊዮርጊስ ናቸው። የመኪና ማቆሚያ ጠባቂ ሲሆኑ፣ ከክርክርና ከጃንጥላቸው ተለይተው አያውቁም።

«እትዬ ደስታነሽ፣ እኔ የተማርኩበትን ትምህርት ቤት ያሠራው የስዊድን መንግሥት ነው። ያኔ አንዷ ስዊድናዊት ‹መጀመሪያ የኔ ፌርማታ› ብትል ኖሮ ዛሬ ፊደል አልለይም ነበር።»

«ስዊድናዊቷማ ተቀምጣ ነው የለገሰችው!»

ጋሽ ሀብተ ጊዮርጊስ «ረቱኝ» ብለው ጃንጥላቸውን አጠፉ። ደስታነሽ በዚህ ድሏ ሳምንቱን ሙሉ ስትስቅ ከረመች፤ ቤተ ክርስቲያን ያገኘችውን ሰው ሁሉ አስቁማ አወራች።

ሐሙስ ዕለት ዝናቡ ሲወርድ አንዲት ሆዷ የገፋ ወጣት ፈረንጅ መጥታ ምሰሶውን ተደገፈች። አውቶቡሱ ዘግይቷል። ልጅቷ አንዴ በግራ እግሯ፣ አንዴ በቀኝ እግሯ ትቆማለች።

«ዌር ፍሮም?» አለቻት ደስታነሽ።

«ዩክሬን።»

ጋሽ ሀብተ ጊዮርጊስ ምንም እንዳልሰማ ሰው ሽቅብ ደመናውን ማየት ጀመሩ። ሳቃቸውን ግን መደበቅ አልቻሉም።

ደስታነሽ የወንበሩን ጠርዝ ያዘች። ከተነሳች የሳምንቱ ድል ገደል ሊገባ ነው፤ ጉልበቷም ገና ካሁኑ ይጠዘጥዛል። ፊቷን ወደ መንገዱ አዞረች፤ አውቶቡስ የለም። መልሳ ልጅቷን አየች። ያ ሆድ እንኳን ዝናብ ላይ፣ ቤት ውስጥም ቆመው የሚሸከሙት አይደለም።

«ኧረ የፈለገው ይምጣ!» ብላ ተነሳች። «ሲት፣ የኔ ልጅ፣ ሲት።»

ልጅቷ ቁጭ ብላ በረጅሙ ተነፈሰች። ደስታነሽን ደስ አላት፤ ሳታስበው ደስ አላት።

«ለካ ቆሞም ይለገሳል!» አሉ ጋሽ ሀብተ ጊዮርጊስ።

«ዝም ብለው ጃንጥላዎን ወደዚህ ያስጠጉ! ልጅቷ ያለችው ሬኒየር ቢች ነው፤ ይሄ የአገር ውስጥ ጉዳይ ነው።»

ጋሽ ሀብተ ጊዮርጊስ እየሳቁ አስጠጉ። ጃንጥላው ለሦስት ሰው አይበቃም ነበርና፣ አውቶቡሱ እስኪመጣ ውጭ ቀርተው የበሰበሱት እሳቸው ናቸው።