አባቴን ወደብ ላይ ያስቀረው ሪፖርት

አባቴ ጅቡቲ ወደብ ላይ የሠራበትን ጊዜ የማስታውሰው በድምፁ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይደውል ነበር። ክረምት ከሆነ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚጠይቀኝ ሰበታ ዘንቦ እንደሆነ ነው። እየዘነበ ከሆነ ስልኩን ወደ ጣሪያው ከፍ አድርጌ እንድይዝለት ይለምነኛል። ቆርቆሮው ላይ የሚወርደውን ዝናብ ዝም ብሎ ያዳምጣል። እሱ ባለበት አገር በእነዚያ ወራት የመኪና በር እጀታ በባዶ እጅ አይነካም። ክንዴ እስኪዝል ድረስ እይዝለታለሁ። ከዚያ ጉሮሮውን ይጠራርግና፣ «በይ አሁን ደብተርሽን አምጪ» ይለኛል።

ደብተሩ የማኅበሩን ሪፖርት የምጽፍበት ነው። ማኅበሩ የባለመኪኖች ነው። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ የሚኖሩ፣ አንድ ወይም ሁለት የጭነት መኪና ያላቸው ሰዎች ያቋቋሙት ነው። አባቴም ከአጎቴ ጋር በጋራ የገዙት መኪና ስለነበረው አባል ነበር። እያንዳንዱ አባል ሾፌርና ረዳት ይቀጥራል። ወደብ ላይ ደግሞ ከመርከብ የወረደውን ዕቃ መኪና ላይ የሚጭኑ ሠራተኞች አሉ፤ የራሳቸው አለቃ አላቸው። አንድ ባለመኪና ብቻውን ሄዶ «ተራዬ አለፈብኝ» ቢል የሚሰማው የለም። ስለዚህ ማኅበሩ በሁሉም ስም የሚናገር አንድ ሰው እዚያ ያስቀምጣል። ያ ሰው የአባላቱን ተራ ይጠብቃል፤ ከጫኞቹ አለቃ ጋር ስለ ሥራ ሰዓት ይደራደራል፤ መኪና ሲቆም ለምን እንደቆመ ለአባላቱ ያስረዳል።

ቦታውን የሚፈልገው ሰው አልነበረም። ሙቀቱን ሁሉም ያውቁታል። አባቴ በዚያ መስመር ለብዙ ዓመት ስለነዳና ሶማልኛም ስለሚችል እሱን መረጡት። አሥራ አንደኛ ክፍል ልገባ ስል ሄደ። ሁለት ዓመት ብቻ እንደሆነና ዩኒቨርሲቲ ከመግባቴ በፊት ተመልሶ ቢያንስ አንድ ወር አብረን እንደምንቆይ ነገረኝ። እኔም ያንን ወር አስቀድሜ ማሰብ ጀመርኩ። ከእሱ ጋር ምን እንደማደርግበት እንኳ በደንብ አላውቅም ነበር። ቤት ውስጥ ሲዘዋወር ብሰማው ይበቃኝ ነበር።

አባቴ ሲናገር እንጂ ሲጽፍ አይሆንለትም። በስልክ ይነግረኛል፣ እኔ እጽፋለሁ፣ አሳምሬ ከገለበጥኩ በኋላ በጅማ መንገድ ዳር፣ ከጎማ መሸጫው በላይ ወዳለው የማኅበሩ ቢሮ እወስዳለሁ። ሊቀመንበሩ አባላቱ ሁሉ ኦቦ የሚሏቸው ሽማግሌ ናቸው። መጀመሪያ የወሰድኩትን ሪፖርት ቆመው አነበቡና፣ «ይኼ ሰውዬ ለካ ብዕርም አለው» አሉ። ጸሐፊዋ ልጁ እንደምትጽፍለት ብትነግራቸውም ደስታዬ አልቀነሰም። ከዚያ ወዲህ አባቴ የሚለኝን እንዳለ መጻፍ ተውኩ። «ተጨቃጨቅን» ሲል «ሰፊ ውይይት ተደርጓል» ብዬ እጽፋለሁ። «እንቢ አሉኝ» ሲል «ጉዳዩ በሂደት ላይ ነው»። ያከበርኩት ይመስለኝ ነበር።

በመጀመሪያው ዓመት በጋ ማለቂያ ላይ ጫኞቹ በቀትር መሥራት አንችልም አሉ። አባላቱ ደግሞ መኪኖቻችን ቆመው አይዋሉ ብለው አባቴን ወጥሮ እንዲይዝ አዘዙት። እሱ ግን ከአለቃቸው ጋር ሲነጋገር ከርሞ በቀትር እንዲያርፉ፣ በምትኩ ገና ጎሕ ሲቀድ እንዲጀምሩ ተስማማ። ያንን ሪፖርት ይዤ ስገባ ቢሮው ውስጥ የተቀመጡ አባላት ነበሩ። አንድ ከቡራዩ የሚመጡ፣ ድምፃቸው ጎርነን ያለ ባለመኪና ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«ልጅት፣ አባትሽን የላክነው ለእኛ እንዲናገር ነው ወይስ ለጫኞቹ ጥላ እንዲይዝላቸው?»

ሁሉም ሳቁ። ሊቀመንበሩም ፈገግ ያሉ መሰለኝ። ቅዳሜ ለአባቴ ስነግረው እሱም ሳቀ። «አፌ የእነሱ ነው» አለኝ፤ «ጆሮዬ ግን የራሴ ነው። ጫኙ የሚለውን ካልሰማሁ ምኑን ልደራደር?» እኔ ግን አልሳቅኩም። ያ ሰውዬ ዳግመኛ በአባቴ የሚስቅበትን ነገር በእጄ እንደማልጽፍ ለራሴ ቃል ገባሁ።

ሁለተኛው ዓመት ሲያልቅ ጠቅላላ ጉባኤው መስከረም ላይ እንዲሆን ተወሰነ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናዬን ጨርሼ ነበር። ፋብሪካ በፈረቃ የምትሠራው እናቴ የሳሎኑን ግድግዳ ቀለም አስቀባች፤ ፈረቃዋንም ከጓደኛዋ ጋር ተቀያየረች። አባቴ የመጨረሻውን ሪፖርት ሲነግረኝ ከወትሮው ቀስ ይል ነበር። በሰኔ ሥራ አራት ቀን እንደቆመና ማስማማት እንዳልቻለ፣ የሁለት አባላትን ወረቀት ዘግይቶ በማስገባቱ ተራቸውን ያጡት በእሱ ስሕተት እንደሆነ እንድጽፍ ነገረኝ። መጨረሻ ላይ፣ «ሌላ ሰው ቢሆን ከእኔ የተሻለ ይሠራ ይሆናል። ይቺንም ጻፊያት» አለኝ።

ደብተሩ ላይ ጻፍኳት። ስገለብጥ ግን ጎርናናው ድምፅ ጆሮዬ ላይ መጣብኝ። አራቱን ቀን «በሰኔ ወር ተከስቶ የነበረው የሥራ መቀዛቀዝ በተወካዩ ያላሰለሰ ጥረት ተፈትቷል» አልኩት። የዘገየውን ወረቀት ተውኩት። የመጨረሻዋንም መስመር ተውኳት፤ አባቴ ራሱን ዝቅ ማድረግ ስለሚወድ ያላት መስሎኝ።

ጉባኤው ላይ ጽሑፉ የእኔ ስለሆነ እንዳነበው ሊቀመንበሩ ጠሩኝ። እናቴ ከኋላ ተቀምጣ ነበር። ስጨርስ ረጅም ጭብጨባ ሆነ፤ ከሁሉ በላይ የሚያጨበጭቡት የቡራዩ ሰውዬ ነበሩ። እጃቸውን አወጡና፣ «እንዲህ ያለ ሰው አግኝተን ከወደብ የምናነሳ ሞኞች ነን?» አሉ። «ሁለት ዓመት ይጨመርለት።»

እጅ ይውጣ ተባለ። ዞር ብዬ እናቴን አየኋት። በተዘረጉት እጆች መካከል እሷ ከረጢቷን ጭኗ ላይ አድርጋ ወለሉን ታይ ነበር። ወደ ቤት ስንመለስ፣ ከባጃጁ ስንወርድ፣ ጥሩ አድርጌ እንዳነበብኩ ነገረችኝ።

ለአባቴ የደወልኩለት እኔ ነኝ። ከበስተኋላው የመኪና ጥሩምባ ይሰማል። ውሳኔውን ስነግረው፣ «ያቺን የመጨረሻዋን መስመር አነበብሻት?» አለኝ።

«የትኛዋን?»

«ሌላ ሰው የምትለዋን።»

«አልጻፍኳትም፣ አባዬ።»

የጥሩምባው ድምፅ ራቀ። ወደ ጥግ ሄዶ መሆን አለበት።

«እኔ እኮ እሷን ሦስት ቀን ነው ያሰብኳት» አለ። ማልቀሴን ሲሰማ ደግሞ፣ «አይዞሽ። ጽሑፉስ? አምሮ ነበር?»

«አጨበጨቡ።»

«እሱስ ጥሩ ነው» አለኝ።

በማግስቱ ደብተሩን ይዤ ወደ ሊቀመንበሩ ሄድኩ። «አካም ቡልተን» ብዬ ሰላም አልኳቸውና ያደረግሁትን ሁሉ ተናገርኩ። ውሳኔው ይሰረዛል ብዬ ነበር የመጣሁት። መነጽራቸውን አድርገው አባቴ ያለውን አንድ በአንድ አነበቡ፤ ስለ ዘገየው ወረቀት የሚለው ጋ ሲደርሱ ጣታቸውን አሳረፉበት።

«ኢንተላ ኮ» አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው። «ጥፋቱን በራሱ አፍ የሚናገር ተወካይ በዚህ ዕድሜዬ አላየሁም። ይኼን አንብበሽልን ቢሆን ኖሮ ጭራሽ አንለቀውም ነበር።»

ደብተሩን ዘግተው ወደ እኔ ገፉት። ከዚያ ረጋ ብለው፣ «ለመሆኑ አባትሽ መምጣት ይፈልጋል?» ብለው ጠየቁኝ።

«ይፈልጋል።»

«የት ላይ ጻፈው?»

ገጾቹን አገላበጥኩ። የሁለት ዓመት ሪፖርት ነው። የሾፌሮቹ ድካም አለ፣ የአባላቱ ቅሬታ አለ፣ የጫኞቹ ልመና ሳይቀር አለ። እሱ ቤቱ መምጣት እንደሚፈልግ ግን አንድም ቦታ አልተናገረም። ሊቀመንበሩ፣ አባቴ ካልተናገረ እሳቸው ሊያውቁ እንደማይችሉ፣ አሁንም ቢሆን ጉባኤ የወሰነውን ጉባኤ እንጂ ብቻቸውን እንደማያነሱት ነገሩኝ። እስከ በሩ ሸኙኝ።

የዩኒቨርሲቲ ምርጫ ስሞላ አንደኛ ያደረግሁት ድሬዳዋን ነው። ጓደኞቼ ሁሉ አዲስ አበባን ሲመርጡ እኔ ወደ ሙቀቱ ለምን እንደምሄድ እናቴ አልጠየቀችኝም፤ ገብቷታል። ኅዳር ላይ ስሄድ አውቶቡስ ተራ ድረስ ሸኝታኝ፣ ለብቻዋ ወደዚያ ቀለሙ ወደ ታደሰ ቤት ተመለሰች። ያኔ ያሰብኩት ስለ ራሴ ብቻ ነበር። አንዱን ናፍቆት ላቀልል ስል ለእሷ ሁለት እንዳደረግሁባት የገባኝ ዘግይቶ ነው።

አባቴ ዓርብ ከሥራ ፈቃድ ሲያገኝ ወደ ድሬዳዋ ይመጣል። ከስቷል፤ ጠቁሯልም። ምሳ አብረን እንበላለን። በመጀመሪያው ቀን ስለ ትምህርቴ ከጠየቀኝ በኋላ ስለ ቤት ጠየቀኝ። አጥሩ መጠገኑን ነገርኩት። እሱም እንደሰማ፣ ጠጋኙ ግን አንድ ጎኑን ሳይጨርስ እንደ ሄደ ነገረኝ። ሁለታችንም እናቴ በስልክ ያለችንን ነበር እርስ በርስ የምንነጋገረው። ከሁለታችን አጥሩን በዓይኑ ያየ አልነበረም።

ባለፈው ዓርብ ግን ወረቀት ይዞ መጣ። ምሳ ከበላን በኋላ ሳህኖቹን ወደ ጎን አደረገና እስክሪብቶዬን ጠየቀኝ። ደብተሬን ላወጣ ስል በእጁ ከለከለኝ። ራሱ ጻፈ። ብዙ ጊዜ ወሰደበት፤ ፊደሎቹ ትላልቅና የተበታተኑ ነበሩ። ሲጨርስ ወደ እኔ አዞረው።

«ለማኅበራችን ሊቀመንበር። ሁለት ዓመት ተባለ፣ ሦስተኛው ተጋመሰ። ሥራውን አልጠላሁትም። ቤቴ ግን ናፍቆኛል። ሚስቴም ብቻዋን ናት። ሰው ፈልጉልኝ።»

ቀን የለውም። ጉዳዩ የሚል መስመር የለውም። «ናፍቆኛል» የሚል ቃል በማኅበሩ ደብዳቤ ላይ አይቼ አላውቅም፤ በምን እንደምለውጠው አእምሮዬ ወዲያው መፈለግ ጀምሮ ነበር።

«ምን ጎደለው?» አለኝ።

«ምንም» አልኩት።

አጣጥፎ ፖስታ ውስጥ ከተተው። ከምግብ ቤቱ ወጥተን የጭነት መኪኖች ወደሚያርፉበት ሜዳ ሄድንና ማዳበሪያ ጭኖ ወደ ሰበታ ለሚያልፍ የአንድ አባል ሾፌር ሰጠነው። አባቴ ፖስታውን ለሊቀመንበሩ በእጃቸው እንዲሰጥ፣ ለሌላ ለማንም እንዳይሰጥ ሁለት ጊዜ ነገረው። ሾፌሩ ፖስታውን ከመሪው በላይ አስቀመጠና ሞተሩን አስነሳ። መኪናው አስፋልቱን ይዞ እስኪጠፋ አብረን ቆመን አየነው።