አባቴ በታሰረ ጊዜ የመጣችው ልጅ

በደርግ ዘመን አባቴ በመሥሪያ ቤት ስብሰባ ላይ በተናገረው ቃል ሲታሰር እኔ አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ ቀበና ያለውን ቤታችንን የሚያንኳኳ ጠፋ። ጎረቤቶቻችን ክፉ ሆነው አይደለም፤ ፈርተው ነው። እናቴም በማንም አልፈረደችም።

ትምህርቴን ተውኩ። በአሥረኛው ቀን አንዲት የክፍሌ ልጅ መጣች። ሲግናል አካባቢ የሚኖር የጭነት መኪና ሾፌር ልጅ ናት። እናቴ በሩን ገርበብ አድርጋ፣ "ልጄ፣ እዚህ መምጣትሽን ቤተሰቦችሽ ያውቃሉ?" አለቻት።

"እማዬ ናት የላከችኝ" ብላ ከቀበሌ ከደረሳቸው ስኳር ግማሹን አቀበለቻት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "ነገ ጠዋት ቀበና ድልድይ ጋ እጠብቅሻለሁ።"

"አልመጣም።"

"እንግዲያው እኔም ክፍል አልገባም።"

ቀልዷን መስሎኝ ነበር። በማግስቱ ረፈድ ሲል ወጥቼ ባይ፣ ደብተሯን ታቅፋ ድልድዩ ላይ ተቀምጣለች። ሁለት ክፍለ ጊዜ አምልጧታል። አፍሬ አብሬያት ሄድኩ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ እንጦጦ እንወጣ ነበር፤ ባሕር ዛፉ መሃል ሰሚ የለም። ለማንም ያልተነፈስኩትን እዚያ ነገርኳት። "በአባቴ ተናድጃለሁ። ዝም ቢል ምን ነበረበት?" አልኳት። ትቆጣኛለች ብዬ ስጠብቅ፣ "የምትናደጂው ስለናፈቀሽ ነው" አለችኝ። ያኔ አለቀስኩ። አልቅሼ እስኪወጣልኝ ድረስ አላቋረጠችኝም።

ስናጠና ግን ዝም ብላ አትሰማኝም ነበር። እኔ የሸመደድኩትን ሳነበንብላት፣ "ለምን እንዲህ ሆነ?" ትለኛለች።

"መምህሩ ስላሉ ነዋ!"

"እሳቸውስ ቢሳሳቱ?"

መጀመሪያ ታናድደኝ ነበር። እየቆየ ግን እሷን ለመርታት ስል ማሰብ ጀመርኩ። ትምህርት የሚጣፍጥ ነገር መሆኑን ያወቅሁት ከእሷ ጋር ስከራከር ነው።

አባቴ ከሁለት ዓመት በኋላ ከስቶና ሸብቶ ተፈታ። ያኔ ቤታችን በጠያቂ ተሞላ። እሷ በሩ አጠገብ ቆማ ነበር። አባቴ፣ "እኔ ሳልኖር ማን ጠየቃችሁ?" ሲል እናቴ በጣቷ ወደ እሷ አመለከተች።

"እንኳን ለቤትዎ አበቃዎት" አለች ጓደኛዬ፣ አንገቷን ደፍታ።

አባቴ ቀስ ብሎ ተነሣና እጇን ይዞ፣ ሊጠይቁት ከመጡት ሽማግሌዎች ሁሉ በላይ፣ ከጎኑ አስቀመጣት።